ባለ አምስት ክር ቤዝ ልግዛ ወይስ ጥፋቱ የእጄ ነው?

ሦስተኛው ፍሬት

ሰላም ለዚህ የቤዝ ጊታር ቤት። እስከ ዛሬ ዳር ቆሜ ሳነብ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ቤዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ያለኝ ባለ አራት ክር፣ የጃዝ ቤዝ ቅርጽ ያለው፣ ከሰው እጅ የገዛሁት ነው። ከአንድ ባንድ ጋር መለማመድ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ኪቦርዲስቱ ዘፈኑን መሀል ላይ አስቁሞ «ቤዙ ይሮጣል» አለ፤ ምቱን ይቀድማል ማለቱ ነው። ሌሎቹ ዝም። የገደለኝ ዝምታቸው ነው። ለካ ሁሉም ሲያስቡት ከርመዋል።

ግራ የገባኝ፣ ቤቴ ምት ከሚቆጥርልኝ ሜትሮኖም ጋር ስጫወት ንቅንቅ አልልም። ጠብ የምትል ነገር የለም። ከባንዱ ጋር ስሆን ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ቤዙን መጠርጠር ጀመርኩ። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀዋል፣ ለመጫን ጉልበት ይፈልጋሉ። አሁን ዓይኔ አንድ ባለ አምስት ክር ላይ አርፏል፤ አክቲቭ ነው፣ የክሩ ርዝመት 35 ኢንች።

ልግዛ? ደግሞ ከድራም ጋር ለመለማመድ ስንት ዋት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ይበቃል? ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

ሎው ቢ

ግዛ! ምን ትጠብቃለህ?

ስሜን አይታችሁ ያዳላል እንዳትሉኝ። ባለ አራቱ ታች ኢ ኖታ ላይ 41 ሄርዝ አካባቢ ያበቃል። አምስተኛዋ ቢ ወደ 31 ሄርዝ ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ከለመድካት ባለ አራቱን ስትይዝ አንድ ጣትህ የተቆረጠ ነው የሚመስልህ። 35 ኢንቹም ጥሩ ምርጫ ነው። ክሩ ሲረዝም ይወጠራል፣ ቢዋም እንደ ላላ ገመድ አትወዛወዝም።

ሁለት ነገር ብቻ እወቅ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ባለ አምስቶች ላይ ክሮቹ ይቀራረባሉ፤ የቀኝ እጅህ ጣቶች መጀመሪያ ይጋጫሉ። ሁለተኛ፣ አክቲቭ ከሆነ ባትሪ አለው። ኬብሉ ጃኩ ውስጥ እስካለ ድረስ ባትሪው እየተበላ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ ንቀለው። እኔ ይህን የተማርኩት መድረክ ላይ፣ ሁለተኛው ዘፈን መሀል፣ ድምፄ እየተሰነጣጠቀ ሲጠፋ ነው።

ጋሽ ፍላት

ልጄ፣ ቀስ በል። ሎው ቢ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ሰው ራሱን አሞኛል ቢለውም «አምስተኛ ክር ጨምር» ነው የሚለው።

የምትሮጠው አንተ ነህ እንጂ ክሩ አይደለም። ቤዚስቱ ጄምስ ጄመርሰን ያንን ሁሉ የሞታውን ሪከርድ ኩባንያ ሙዚቃ የተጫወተው ፕሪሲዥን በሚባል ባለ አራት ክር ቤዝ ነው፤ ያውም በቀኝ እጁ አንድ ጣት፣ በአመልካች ጣቱ ብቻ። ክሮቹ ፍላትዋውንድ፣ ላያቸው ልሙጥ የሆነ ዓይነት፣ ነበሩ። ከፍ ያሉ፣ ያረጁ፣ ለመጫን የሚያስቸግሩ። እሱ አልሮጠም። ይህን የምልህ ላሳንስህ አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት እንዳትለቅም ነው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ፣ መልስልኝ። ቤት ስትለማመድ ድምፁን የምትሰማው በምንድን ነው? ክሩን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው መቼ ነው? አንድ ኖታ ስትጫወት የሚያልቀው የት ጋ እንደሆነ ታውቃለህ?

ሦስተኛው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ መስሎህ እንዳትዘለው።

ትንሽ መዳፍ

እኔ ደግሞ 35 ኢንች የሚለው ላይ ነው የቆምኩት። መዳፍህ ትልቅ ነው? ማንም ሳይጠይቅህ ግዛ አትግዛ መባሉ ይገርማል።

የመጀመሪያ ቤዜን የመረጡልኝ ሌሎች ናቸው። 34 ኢንች፣ ከባድ እንጨት፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች የሚያጋድል። በግራ እጄ ኖታ ከመጫን ይልቅ አንገቱን ተሸክሜ ነበር የምውለው። በስድስት ወር ውስጥ የእጄ አንጓ ማመም ጀመረ። ሁሉም «ትለምጂዋለሽ» አለኝ። አልለመድኩትም። 30 ኢንች ገዛሁና ሕመሙ በወሩ ጠፋ።

ልዩነቱን በሜትር ለክቼዋለሁ። ከላይኛው ጫፍ፣ ከነት ማለት ነው፣ እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) 34 ኢንቹ ላይ 17.8 ሳንቲ ሜትር ነው። 30 ኢንቹ ላይ 15.7። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምንም አይደለም የሚል ሰው ትንሿን ጣቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምትደርስበት አሳልፎ ይዘርጋትና አንድ ሰዓት ይጫወት።

የአንገቱ ስፋትም አለ። የጃዝ ቤዝ አንገት ነቱ ጋ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፕሪሲዥን ከ41 ይጀምራል፣ 44 የሚደርስም አለ። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ድምፁን አትስማ። ማሰሪያውን አድርገህ ቁም፣ ሁለት እጅህን ልቀቅ። ጭንቅላቱ ወደ መሬት ከሄደ መልሰህ ስቀለው።

ሎው ቢ

ትንሽ መዳፍ፣ ክብር ይግባሽ፣ ግን አጭር ቤዝ ላይ ኢዋ እንደ ላስቲክ አይደለችም? ጨክነሽ ስትመቺያት ድምፁ ተንሸራቶ ነው የሚመጣው።

ትንሽ መዳፍ

ቀጭን ክር ካደረግህባት አዎ። ወፈር ያለ ፍላትዋውንድ አድርግባትና ተመልሰህ አናግረኝ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በዚያች የቫዮሊን ቅርጽ ባላት ሆፍነር ቤዝ ስንት ዓመት ተጫወተ፤ እሷም 30 ኢንች ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰርቃበት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠፍታ ቆየችና በ2024 መገኘቷ ተነገረ። ላስቲክ ብትሆን ማን ይሰርቃት ነበር?

ሦስተኛው ፍሬት

ሃሃ፣ ይሄ ጥሩ መከራከሪያ ነው።

ጋሼ፣ መልሶቼ እነሆ። ቤት የምለማመደው በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ቤዙን በትንሽ የድምፅ ካርድ ታብሌቱ ላይ እሰካለሁ፣ ሜትሮኖሙም እዚያው ታብሌቱ ላይ አለ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ በማዳመጫው እሰማለሁ። ቤተሰብ እንዳይረበሽ ብዬ ነው። ክሩን ከገዛሁት ጀምሮ አልቀየርኩም። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ እውነቴን ነው፣ አልገባኝም። ኖታው የሚያልቀው ቀጣዩ ሲጀምር አይደለም?

ድራመሩ ነኝ

የቤዝ ቤት መግባቴን ይቅር በሉኝ፤ ግን ብሉቱዝ የሚለውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ወንድሜ፣ በቃ አገኘነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን አዘግይቶ ነው የሚያመጣልህ። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ፣ አንዳንዱ 200 ይደርሳል። ፊልም ስታይ አታስተውለውም፤ ምስሉን እኩል ያዘገዩልሃል። የራስህን ጣት ግን ማንም አያዘገይልህም።

እስቲ አስበው። ሜትሮኖሙ ጆሮህ ዘግይቶ ይደርሳል። ቤዝህም ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ጆሮህ ውስጥ እንዲገጥሙ ጣትህ ክሩን መምታት ያለባት ጠቅታውን ከመስማትህ በፊት ነው። ስለዚህ እጅህ ሳታውቀው መቅደም ተማረች። ቤትህ ሁሉም ልክ ነው። ታብሌቱ ላይ ብትቀዳውም ልክ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ልምምድ ትመጣለህ፣ ድምፁ ካጠገብህ ካለው አምፕ በቀጥታ ይወጣል፤ እጅህ ግን አሁንም ቀድማ ትሄዳለች። በደቂቃ 120 ምት ፍጥነት አንድ አስራ ስድስተኛ ኖታ (የአንድ ምት ሩብ) 125 ሚሊ ሰከንድ ነው። ማዳመጫህ የሚሰርቅህ ከዚያ ቢበልጥ አይገርመኝም።

ለማነጻጸር ያህል፣ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ማለትም አንተ የተለማመድከው አምፕህን ከ30 ሜትር በላይ አርቀህ አስቀምጠህ ነው።

የገመድ ማዳመጫ ግዛ። ከዚያ ሌላው ይታያል።

ጋሽ ፍላት

ድራመር እንዲህ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥልን።

የገመዱ ነገር አለቀ። አሁን ሦስተኛው ጥያቄ። «ኖታው የሚያልቀው ቀጣዩ ሲጀምር» አልክ። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። የቀረጻ ባለሙያው ትልቅ ሰው ነበር፣ ብዙ አያወራም። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እኔ ፈጥኜ ይሁን ዘግይቼ እያልኩ ራሴን ስጠረጥር በመጨረሻ ገባና ግራ እጄን ያዘ። «እጅህን መቼ እንደምታነሳ አታውቅም» አለኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ሄጄ ሰማሁት፤ እውነቱን ነው። ኖታዎቼ ሁሉ ቦታቸው ላይ ይጀምራሉ፣ ግን እንደ ፈሰሰ ውሃ ናቸው፣ አንዱ ሌላው ላይ ይሄዳል። የስኔሩን፣ የዚያን ጮክ ብሎ የሚሰነጥቅ ከበሮ፣ ምት ውጬበታለሁ። ሰሚው ደግሞ ይሄንን «የረዘመ ኖታ» ብሎ አይሰማውም። «ቤዙ ልክ አይደለም» ብሎ ነው የሚሰማው።

እንዲህ አድርግ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርግ። አንድ ኖታ ምረጥ፣ ኤ ትሁን፣ ኢ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ። «አንድ» ላይ ምታት፣ አራቱንም ምት ያዛትና ቀጣዩ «አንድ» ሲመጣ አፍናት። ቀጥሎ አራተኛው ጠቅታ ላይ አፍናት። ቀጥሎ ሦስተኛው ላይ። ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ። ጣትህን ከፍሬቱ ላይ አላላ፣ ከክሩ ግን አታንሳ፤ ካነሳህ ክሩ ባዶውን ይጮሃል። ዝምታው ከጠቅታው ጋር እኩል መግባት አለበት። ጠቅታው ራሱ ኖታውን በመቀስ የቆረጠው መምሰል አለበት።

አሥር ደቂቃ። በአንድ ኖታ። ይሰለቻል፤ ይሰልች። ብዙ ሰው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስላፕ፣ ክሩን በአውራ ጣት መደብደብ፣ ይጀምራል።

ይህን ስትችል ከእውነተኛ ድራም ጋር ሞክር። ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሲመታ ኖታህን ጀምር፣ ስኔር ሲመታ ቁረጥ። ከሁሉም ዘፈን ጋር አይሄድም። በሚሄድበት ግን ስኔሩ በድንገት ጎልቶ ሲሰማ ታያለህ። ድራመሩም ቀና ብሎ ያይሃል።

ድራመሩ ነኝ

እውነት ነው፣ ቀና እንላለን። ብዙ ጊዜ ስለማይደርስብን።

ዝምተኛ ክር

ጋሽ ፍላት ያሉት ላይ ልጨምር። እጅን ማላላት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ያልተጫወትካቸው ክሮች ናቸው። ጂን ስትመታ ኢ ከታች ራሷን ችላ ታጉረመርማለች። ቤት አይሰማህም። ትልቅ የስፒከር ካቢኔት ላይ ግን ክፍሉን ትሞላዋለች፣ ድምፁም ጭቃ ይሆናል።

እኔ የቀኝ አውራ ጣቴን ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚይዘው ማግኔት) ላይ ተክዬ አልቀርም። ወደ ላይኞቹ ክሮች በሄድኩ ቁጥር አውራ ጣቴ እየተከተለኝ ይወርድና የተውኳቸውን ክሮች ተደግፎ ያፍናቸዋል። ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ባለ አምስት ከገዛህ ይሄ ግዴታ ነው፤ ቢዋ ምንም ሳትነካት የምትጮህ ክር ናት። ሎው ቢ ይህን አልነገረህም።

አቋራጭም አለ። ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት) አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ሸጉጥ። ኖታው አጭርና ወፍራም ይሆናል። ማታለል አይደለም፤ ድሮ የፌንደር ኩባንያ ቤዞች ብሪጁ ላይ ባለው ክዳን ሥር ስፖንጅ ተደርጎላቸው ነበር የሚመጡት። ቤዚስቷ ካሮል ኬይም በዚያ ሁሉ የስቱዲዮ ሥራዋ በፒክ እየተጫወተች ክሮቿን በጨርቅ ነገር ታፍናቸው ነበር። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅህ ቆርጠህ ዛሬውኑ ሞክር።

ሎው ቢ

አልነገርኩትም ምክንያቱም ማንም ለእኔም አልነገረኝም። ሦስት ዓመት ሲያጉረመርምብኝ ኖሯል።

ሦስተኛው ፍሬት

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

የገመድ ማዳመጫ ሰካሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ከሜትሮኖሙ ጋር መግጠም አቃተኝ! እጄ በየምቱ እየቀደመች ጠቅታው ከኋላ ይመጣል። ሁለት ዓመት የሠራሁት ሁሉ የተሰረቀብኝ መሰለኝ። ትንሽ ተናደድኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። ምክንያቱም ኪቦርዲስቱ የሰማው ልክ ይሄንኑ ነው።

የጋሼን የአንድ ኖታ ልምምድ ሞከርኩ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስላፕ ጀመርኩ፤ እውነቱ ይነገር።

ክሩስ? 12ኛው ፍሬት ላይ ለካሁት፤ ኢዋ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላለች። ይሄ ብዙ ነው? አንድ ጥገና ቤት ልወስደው ነበር፤ ጓደኛዬ ግን እዚያው ቤት ወስዶ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) አጥብቀው አጥብቀው የማዞሪያውን አፍ በልተው ነው የመለሱለት። ፈራሁ።

ዝምተኛ ክር

4 ሚሊ ሜትር ብዙ ነው። ከ2 እስከ 2.5 አካባቢ ለብዙ ሰው ይመቻል። ክሩ እንዲህ ከፍ ሲል ሌላም ጉዳት አለው፤ ወደ ታች ስትጫነው ይለጠጥና ቃናው ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ከኪቦርድ ጋር አልገጥምም ብለህ ታውቃለህ? ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ራስህ መሥራት ትችላለህ፣ ተራውን ብቻ ጠብቅ። መጀመሪያ ቤዙን አስተካክለህ ቃኘው። አንደኛውን ፍሬት በግራ እጅ ተጫን፣ አንገቱ ከገላው የሚገናኝበትን ፍሬት በቀኝ። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሀል ስንት ክፍተት አለ? 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ቢዝነስ ካርድ ሳይታሽ ካለፈ ልክ ነህ። ካርዱ እየተንሳፈፈ ካለፈ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል ማለት ነው፣ ትረስ ሮዱን ወደ ቀኝ ታጠብቃለህ። ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ ተወው፣ ቃኘው፣ ነገ መልሰህ ለካ። እንጨት ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። አልዞርም ካለህ አቁም። የጓደኛህን ቤዝ የበላው «ትንሽ ልጨምርለት» ነው። ቁልፉም በልኩ የሆነ ይሁን፤ ሰፋ ያለ ቁልፍ ነው አፉን የሚበላው።

አንገቱ ሲስተካከል የክሩን ከፍታ ብሪጁ ላይ ባሉት ሳድሎች (እያንዳንዱ ክር በሚያርፍባቸው ብረቶች) አውርድ። መጨረሻ ላይ ኢንቶኔሽን፣ ማለትም ቃናው በአንገቱ ሁሉ ልክ መሆኑ። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ የምታወጣውን ድምፅ) ስማ፣ ቀጥለህ እዚያው ተጭነህ ስማ። የተጫንከው ወጣ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቀው። ወረድ ካለ አቅርበው። ይህን የምታደርገው ግን በአዲስ ክር ነው። ባረጀ ክር ኢንቶኔሽን ማስተካከል ጎማው በተነፈሰ መኪና መሪ እንደማስተካከል ነው።

ጋሽ ፍላት

ክሩን ግን ፍላት አድርገው። ስሜ ነው፣ ምን ላድርግ።

ትንሽ መዳፍ

ጋሼ ሁልጊዜ! ልጁ የሚጫወተው ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁትም። ሦስተኛው ፍሬት፣ ድምፅህ እንዲያብረቀርቅ ከፈለግህ ራውንድዋውንድ (ላዩ ሸካራ የሆነው ክር)፣ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 ያለው ጥቅል ጥሩ መነሻ ነው። ወፍራምና ክብ እንዲሆን ከፈለግህ ፍላት። ፍላት ጣት አያንጫጭም፣ ፍሬትም አይበላም፣ ዓመታት ይቆያል። ይሄን ያህል እስማማለሁ።

ባዶ አንገት

ባለ አምስቱን ተወውና ፍሬትለስ (ፍሬት የሌለው) ግዛ። እኔ የማልጠቀምበት አለኝ።

ሎው ቢ

ምቱ ያልገጠመለትን ሰው ቃናውም እንዳይገጥምለት? አንተስ ለምን አትጠቀምበትም?

ባዶ አንገት

የቤዚስቱን የጃኮ ፓስቶሪየስን ወሬ ሰምቼ ፍሬቶቹን ራሴ ነቀልኳቸው። እሱ ከነቀለ በኋላ እንጨቱን በኤፖክሲ እንደሸፈነው ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሌላ ጥያቄ አትጠይቁኝ።

ሦስተኛው ፍሬት

ሃሃሃ። እሺ፣ አምፑስ? ያ ጥያቄዬ ተረሳ።

ድራመሩ ነኝ

እኔን ለመሸፈን ስንት ዋት ነው ጥያቄው? ከእኔ ጋር 300 ዋትና ጥሩ ካቢኔት ያለው ሰው አይጨነቅም። 100 ያለው ሰው ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ይችላል። ቀሪውን ሎው ቢ ይንገርህ፤ እሱ ከእኔ በላይ ነው የሚጮኸው።

ሎው ቢ

ዋት ያታልላል። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ላይ ትንሽ ነገር ናት። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል አካባቢ ይፈለጋል፤ ያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ 200 እና 250 መሀል ስትከራከር ጊዜህን አታጥፋ። ለካቢኔቱ አስብ። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔት አንድ ላይ ስትሰካ ለአምፑ 4 ኦም ይሆንበታል። አምፑ ከዚያ በታች የማይችል ከሆነ ሦስተኛ አትጨምር፤ ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለህን አምፕ ቤዝ ቁልፉን ቀንስና ሚድሉን (መካከለኛውን ድምፅ) ከፍ አድርግ። ቤትህ ብቻህን ስትጫወት የሚያምረው ያ ወፍራም ድምፅ ባንድ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። የኢ ክር ሞገድ ስምንት ሜትር ከምናምን ይረዝማል። ትንሽ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል፤ አንዱ ጥግ ላይ ያንቀጠቅጣል፣ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ይጠፋል። አምፑ አጠገብ የቆምከው አንተ አልሰማም ብለህ ትጨምራለህ፣ ወዲያ ጥግ ያለው ዘፋኝ ጭንቅላቱን ይይዛል። ሰው ኖታህን የሚለየው ሚድሉ ላይ ነው። በስልክ ሙዚቃ ስትሰማ ቤዙን የምትሰማ ይመስልሃል አይደል? ያቺ ትንሽ ስፒከር 41 ሄርዝ አታወጣም። ከላይ ያሉትን ድምፆች ሰምቶ አእምሮህ ነው የሞላልህ።

ስለ ባለ አምስቱም አንድ ነገር ልበልና ልተው። ታች ስለሚወርድ ብቻ አይደለም የምወደው። ቢ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ኢ አለች። እጅህን ከዚያ ሳታንቀሳቅስ ብዙ ትጫወታለህ። ግን እሺ፣ አሁን አያስፈልግህም። አሸንፋችሁኛል። ለጊዜው።

ጋሽ ፍላት

ይሄን ቀን መዝግቡልኝ።

ልጄ፣ የአንድ ኖታውን ከጨረስክ ቀጣዩን ልስጥህ። የምትጫወተው ዘፈን 80 ከሆነ ሜትሮኖሙን 40 ላይ አድርግ። ጠቅታዋን «አንድ» ብለህ አትቁጠራት። «ሁለት» እና «አራት» ናት፤ ስኔሩ ናት። መጀመሪያ ይገለበጥብሃል፣ በአፍህ እየቆጠርክ ግባ። ሲመችህ ወደ 20 አውርዳት፤ አሁን በየባሩ (በየአራቱ ምት) አንዴ፣ «አራት» ላይ ብቻ ትመጣለች። ቀሪዎቹን ሦስት ምቶች የምታመጣቸው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ባር ጮኾ ሁለት ባር ዝም የሚል አፕ አለ። ዝም ሲል ነው ማንነትህ የሚታወቀው። ሲመለስ አንተ ቀድመህ ከደረስክ ሮጠሃል። እሱ ከቀደመህ ተጎትተሃል። ሜትሮኖም ሁሌ ከጎንህ ሲጮህ አንተ ምት አትጠብቅም፣ እሱ ነው የሚጠብቅልህ።

እና ቅዳው። ስልክህን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጥ፤ ከሩቅ የሚሰማው ነው እውነቱ።

ሦስተኛው ፍሬት

አምስት ሳምንት አለፈ። ይህ ውይይት ገና አልተዘጋም መሰለኝ።

ባለ አምስቱን አልገዛሁም። የገዛሁት የገመድ ማዳመጫ፣ ፍላትዋውንድ (ጋሼ ደስ ይበልዎት) እና ለትረስ ሮዱ በልኩ የሆነ ቁልፍ ነው። ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ዙር አዞርኩ፣ በመሀል አንድ ሌሊት አሳደርኩት። ኢዋ አሁን 2.4 ላይ ናት። ቤዙ ሌላ ቤዝ ሆነ።

ትናንት ልምምድ ላይ ኪቦርዲስቱ ምንም አላለም። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ ቤዙን አየና «ቀየርከው እንዴ?» አለኝ። አልቀየርኩም አልኩት። አላመነኝም።

ቅጂው ከታች አለ። ስልኩ በር አጠገብ ነበር። ፍረዱ።

ትንሽ መዳፍ

ድምፁ በጣም ያምራል! ኖታዎቹ ይተነፍሳሉ። መጀመሪያው ላይ ኢዋ ትንሽ ወርዳለች፣ አዲስ ክር ስለሆነ ይለጠጣል፤ በየዘፈኑ መሀል ቃኘው።

ዝምተኛ ክር

ጉርምርምታ የለም። ስፖንጁን አድርገሃል ወይስ እጅህ ነው?

ሦስተኛው ፍሬት

ስፖንጁ ነው። እጄ ገና እየተማረ ነው።

ድራመሩ ነኝ

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ጥሩ ነው፣ ኪኩ ላይ ተቀምጠሃል። ግን 1 ደቂቃ ከ40 ላይ፣ ከኮረሱ በፊት ያለችው መሸጋገሪያ ላይ፣ አሁንም ትሮጣለህ።

ሦስተኛው ፍሬት

እዚያ ጋ የሮጠው ድራመራችን ነው። እኔ ተከትዬው ነው።

ድራመሩ ነኝ

ሁሉም ቤዚስት እንደዚያ ነው የሚለው። ቆይ፣ መልሼ ልስማው።

...

እሺ። ድራመሩ ነው።